ወንበሩ ከመለወጡ በፊት ኮረንቱ የት እንደቆመ ይፈለግ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የመኪና ኤሌክትሪክ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ በባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። ከአሜሪካ የገባ ያገለገለ መኪና አለኝ፤ የሾፌሩ ወንበር በኤሌክትሪክ ወደፊትና ወደኋላ የሚሄድ፣ ከፍና ዝቅ የሚል፣ መቀመጫውና መደገፊያውም የሚሞቅ ነው። በሐምሌ ወር ማሞቂያው ሥራ አቆመ፤ ቁልፉን ስጫነው መብራቱ ለጥቂት ሴኮንዶች ይበራና ይጠፋል። ክረምቱ ሳይወጣ ደግሞ ወንበሩ በዝግታ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ በመጨረሻም በየትኛውም አቅጣጫ አልንቀሳቀስ አለ። ሙሉ በሙሉ ወደኋላ እንደሄደ ስለቀረ በቁመት ከእኔ የምታንሰው ባለቤቴ መኪናውን መንዳት አልቻለችም። ሁለት ባለሙያዎች አይተውታል፤ አንደኛው ሞተሩ ተቃጥሏል ሲለኝ ሌላኛው ወንበሩ በሙሉ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ተፈልጎ ይለወጥ ብሎኛል። ፊውዞቹን አውጥቼ አይቻቸዋለሁ፤ ደህና ይመስላሉ። ሁለቱ ብልሽቶች ግንኙነት አላቸው? ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ግንኙነት ያላቸው ይመስለኛል፤ ስለዚህም ሞተርም ሆነ ወንበር ለመግዛት ለጊዜው ገንዘብ አያውጡ። እንዲህ የምልበት ምክንያት ከራስዎ ደብዳቤ የሚገኝ ነው። በእንዲህ ዓይነት ወንበር ውስጥ ያለው ሞተር አንድ ብቻ አይደለም፤ ወደፊትና ወደኋላ የሚወስደው አንድ፣ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው አንድ ወይም ሁለት፣ መደገፊያውን የሚያጋድመው ደግሞ ሌላ ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢቃጠል የሚቀረው የእርሱ እንቅስቃሴ ብቻ ሲሆን የሌሎቹ ይቀጥላል። የእርስዎ ወንበር ግን በየትኛውም አቅጣጫ አይንቀሳቀስም። ሦስትና አራት ሞተሮች በአንድ ሰሞን አብረው ተቃጠሉ ብሎ ከመደምደም ይልቅ ሁሉም የሚጋሩት አንድ ነገር ተበላሸ ብሎ መነሣት የተሻለ ነው። ከሞተሮቹ ጋር ምንም የማይገናኘው ማሞቂያም በዚያው ክረምት መቆሙ ይህንኑ ሐሳብ ያጠነክረዋል።

የሚጋሩት ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ኮረንቱ የሚሄድበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል። የወንበሩ ሞተሮች በአብዛኞቹ መኪኖች ኮረንት የሚያገኙት በቀጥታ ከባትሪው ነው፤ ቁልፍ ሳይዞር ወንበሩ የሚንቀሳቀሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ኮረንቱ ብዙ ጊዜ 30 አምፔር በሆነ ፊውዝ ወይም ሲሞቅ ራሱን ዘግቶ ሲበርድ ተመልሶ በሚከፍት መከላከያ አልፎ፣ ከወንበሩ ሥር ባለው ሶኬት በኩል ወደ ማዘዣው ቁልፍ፣ ከዚያም ወደ ሞተሮቹ ይደርሳል። ማሞቂያው በተቃራኒው መኪናው ሲነሣ ብቻ የሚሠራ፣ የራሱ ሪሌ (በኮረንት የሚታዘዝ ማብሪያና ማጥፊያ) እና አነስ ያለ ፊውዝ ያለው፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠርለት አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥንም የተመደበለት ነው። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም ወደ ወንበሩ የሚገቡት ከወንበሩ ሥር ባሉት ሶኬቶች ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በብዙ መኪኖች ሁለቱም ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሱት ከምንጣፉ ሥር ከመኪናው ወለል ጋር በብሎን በታሰረ አንድ ማሳ፣ ማለትም የኔጌቲቭ መመለሻ ሽቦ መጋጠሚያ፣ በኩል ነው። ያ ማሳ ሲዝግ ሁለቱም አብረው ይታመማሉ። መጀመሪያ የሚታመመው ማሞቂያው ነው፤ ምክንያቱም የቁጥጥር ሳጥኑ ቮልቴጁ ሲወርድበት ወይም የሚለካው ነገር ሲዛባበት ወዲያውኑ ያቋርጣል፣ ሞተሮቹ ግን እየደከሙም ቢሆን ጥቂት ይታገላሉ። እርስዎ የጻፉት ቅደም ተከተል ይኸው ነው።

ዝገቱን የሚያመጣው ውኃ ነው። በባሕር ዳር ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ መኪናው ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ አያጣም፤ ጣሪያው የሚከፈት ከሆነ የውኃ ማውረጃ ቱቦዎቹ በአቧራና በቅጠል ይደፈናሉ፣ ከፊት መስታወቱ ሥር ያለው መፍሰሻ ከዛፍ ሥር በሚቆሙ መኪኖች ላይ በቅጠል ይሞላል፣ የበሩ ጎማም ያረጃል። ሌላውና ሰዎች የማይጠረጥሩት ምክንያት ላቫጆ ነው። ወለሉ በጎማ ቱቦ ውኃ እየተለቀቀበት ሲታጠብ ምንጣፉ ከላይ በግማሽ ቀን ይደርቃል፣ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ግን ውኃውን ለሳምንታት ይዞ ይቆያል። የወንበሩ ሶኬቶችና ማሳው የሚገኙት ደግሞ እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ከወንበሩ ሥር ያለውን ምንጣፍ ጠርዙን አንሥተው ስፖንጁን በእጅዎ ይጫኑት። ውኃ ከወጣ ከየት እንደገባ ሳይታወቅ የሚደረግ ጥገና በሚቀጥለው ክረምት ዋጋ አይኖረውም።

ከዚያ በኋላ ያለ ምንም መሣሪያ የሚሠራ አንድ ሙከራ አለ። ሲመሽ የመኪናውን የውስጥ መብራት አብርተው፣ ሞተሩን ሳያስነሡ፣ የወንበሩን ማዘዣ በየአቅጣጫው ይጫኑና መብራቱን ይመልከቱ። ማዘዣው ሲጫን መብራቱ ጥቂት ደብዘዝ የሚል ከሆነ ኮረንት ወደ ሞተሩ እየሄደ ነው፤ ወንበሩ የማይንቀሳቀሰው ሐዲዱ ላይ ሳንቲም፣ እስክሪብቶ ወይም የቀበቶ ጫፍ ስለተቀረቀረ፣ ወይም ሞተሩ ራሱ ስለያዘ ይሆናል። መብራቱ ምንም ካልተለወጠ ግን ኮረንቱ ከመንገድ ቀርቷል። የሞተር ድምፅ እየተሰማ ወንበሩ የማይሄድ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የኤሌክትሪክ ሳይሆን የማርሽ ጥርስ መበላት ወይም ከሞተሩ ወደ ሐዲዱ የሚዞረው ገመድ መፈታት ነው። በእርስዎ ወንበር መብራቱ አይደበዝዝም ብዬ እገምታለሁ።

ፊውዞቹን አይቻቸዋለሁ ማለትዎ መልካም ነው፤ ነገር ግን ፊውዝ በዓይን ብቻ አይታመንም። በመሞከሪያ አምፖል ወይም በቴስተር (ቮልትና ኦም በሚለካው መሣሪያ) በሁለቱም ጫፉ ላይ ኮረንት መኖሩን ማረጋገጥ ይገባል። የተቃጠለ ፊውዝ ካገኙ በትክክለኛው መጠን ይተኩት እንጂ በበለጠ አምፔር፣ በሽቦ ክር ወይም በሲጋራ ወረቀት አይተኩት። ይህን አጥብቄ የምናገረው የወንበር ሽቦ የሚያልፈው በስፖንጅና በምንጣፍ መካከል ስለሆነ ነው፤ ፊውዙ አልቆርጥ ካለ ሽቦው ይቆርጣል፣ ሽቦው ሲቆርጥ ደግሞ እሳት ይነሣል።

አሁን ወንበሩን ማንሣት ሳይኖርብን አይቀርም፤ እዚህ ላይ በጥንቃቄ ያንብቡኝ። ከወንበሩ ሥር ቢጫ ሶኬት ወይም ቢጫ ሽፋን ያለው ሽቦ ካለ፣ እርሱ የጎን ኤርባግ ወይም ቀበቶውን በአደጋ ጊዜ የሚወጥረው መሣሪያ ሽቦ ነው። በቴስተር አይለካም፣ በአምፖል አይሞከርም፣ ቁልፍ በርቶም አይነቀልም። ሶኬቶችን ከመንካትዎ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱና ይጠብቁ፤ ቶዮታን የመሰሉ አምራቾች ቢያንስ 90 ሴኮንድ ይላሉ፣ ሌሎች ከዚያ የበለጠ ይጠይቃሉ፤ እኔ 10 ደቂቃ እንዲቆዩ እመክራለሁ። ቢጫው ተነቅሎ ሳለ ቁልፍ ከተከፈተ የኤርባጉ የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራና በስካነር ካልተሰረዘ ብዙ ጊዜ አይጠፋም። የሚቻል ከሆነ ቢጫውን ጨርሶ ሳይነቅሉ ወንበሩን ከብሎኖቹ ፈትቶ ወደኋላ ማጋደም ይሻላል።

ባትሪው እንደተፈታ ቢጫ ያልሆኑትን ሶኬቶች አንድ በአንድ ከፍተው ውስጣቸውን በብርሃን ይመልከቱ። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር፣ የጠቆረ እግር (ኮረንት የሚያስተላልፈው የሶኬቱ ብረት)፣ ቀልጦ የጠመመ ፕላስቲክ ካገኙ ምርመራው ወደ ፍጻሜው ቀርቧል። በሽቦዎቹም ላይ እጅዎን ያሳልፉ፤ ወንበሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አብረው ስለሚታጠፉ የሐዲዱ ጠርዝ ሽፋናቸውን ይልጠዋል። ወንበሩ አንድ ቦታ ሲደርስ ብቻ ፊውዝ የሚቆርጥ ከሆነ የተላጠው ሽቦ እዚያ ቦታ ላይ ብረት ይነካል ማለት ነው።

ብዙ ባለሙያ የሚሳሳትበት ነጥብ ቀጥሎ ይመጣል፤ ሁለቱ የጠየቋቸው ሰዎችም እዚህ ላይ የተሳሳቱ ይመስለኛል። ሶኬቱ ተነቅሎ በቴስተር ሲለካ 12 ቮልት ካሳየ «ኮረንት አለ፣ ስለዚህ ሞተሩ ነው የተበላሸው» ይባላል። ይህ ድምዳሜ አይጸናም። ቴስተር ራሱ የሚወስደው ኮረንት እጅግ ጥቂት በመሆኑ በዛገ፣ በአንዲት ቀጭን ክር ብቻ በተያያዘ ሽቦ በኩል እንኳ ሙሉውን 12 ቮልት ያነባል። በጣና ዳር የቆመች ታንኳ ባዶዋን ደህና ትንሳፈፋለች፤ ውኃ መጥጣ እንደከበደች የሚታወቀው ጭነት ሲገባባት ነው። ሽቦም እንዲሁ በጭነት ይፈተን። ቁጥሩን እንመልከት፦ ሞተሩ ሲሠራ 8 አምፔር ይወስዳል እንበል፤ የዛገው መጋጠሚያ ደግሞ ግማሽ ኦም ብቻ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ኮረንቱን የመቃወም ባሕርይ፣ ቢኖረው፣ በዚያች ነጥብ ላይ 4 ቮልት ይጠፋል። ሞተሩ ከ12 ቮልት 8 ብቻ ያገኛል፤ ስለዚህ በዝግታ ይጎተታል። የጠፋው 4 ቮልትም በከንቱ አይጠፋም፤ በሶኬቱ ውስጥ 32 ዋት ሙቀት ሆኖ ፕላስቲኩን ያቀልጣል፣ ዝገቱንም ያባብሳል፣ በመጨረሻም መንገዱ ይዘጋል። እርስዎ «በዝግታ ጀምሮ ቆመ» ያሉት ይህን ሂደት ነው።

በጭነት ለመፈተን ቀላሉ መንገድ ባትሪውን መልሶ አስሮ፣ 55 ዋት የሆነ የፊት መብራት አምፖል በሁለት ወፍራም ሽቦዎች አስሮ ከሶኬቱ ዋና ፖዘቲቭና ማሳ ጋር ማገናኘት ነው። ይህ አምፖል 4 ተኩል አምፔር ያህል ስለሚወስድ መንገዱ የታመመ ከሆነ ፍዝዝ ብሎ ይበራል ወይም ጭራሽ አይበራም። አምፖሉን በቀጥታ ከባትሪው ላይ አብርተው ብርሃኑን ያወዳድሩ። ቴስተር ካለዎት ከዚህ የተሻለ አለ። ባትሪው ታስሮ፣ ሶኬቱ ተሰክቶ፣ ቁልፍ ሳይከፈት፣ የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን በሶኬቱ ጀርባ በኩል በማሳው ሽቦ ላይ ያድርጉ፤ ሽቦዎ ካልደረሰ በወፍራም ሽቦ ያስረዝሙት። ሌላ ሰው የወንበሩን ማዘዣ ሲጫን ንባቡ ከ0.2 ወይም ከ0.3 ቮልት ማለፍ የለበትም። 3 ወይም 4 ቮልት ካሳየ ማሳው ደክሟል፤ ወደ 12 ከቀረበ ማሳው ተቆርጧል። በፖዘቲቭ በኩልም ቀዩን በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን በሶኬቱ መግቢያ ላይ አድርገው ይድገሙት፤ እዚያ እስከ ግማሽ ቮልት ድረስ ይታገሣሉ። ይህ ፈተና ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የት ላይ እንደተቋረጠ ግን ያለ ግምት ይናገራል።

ማሳው ከሆነ ብሎኑን ፈትተው፣ የወለሉን ብረትና የሽቦውን ቀለበት በአሸዋ ወረቀት እስኪያበሩ ይፈግፍጉ፣ ብሎኑን መልሰው ያጥብቁ፣ ከታሰረ በኋላ ከላይ በግሪስ ወይም በቀለም ይሸፍኑት። ሶኬቱ ከሆነ የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ቀላሉን ዝገት ያነሣል፤ የጠቆረና ኃይሉን ያጣ እግር ግን አይድንም፣ እግሩ መለወጥ አለበት። ሽቦዎቹን ከሶኬቱ ቆርጦ በቀጥታ ጠምዝዞ በፕላስተር ማሰር በየጋራዡ የሚታይ ነገር ነው፤ እርጥብ ወለል ላይ የተጠማዘዘ ሽቦ ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ ይዝጋል፤ ሥራው የሚጸናው ሽቦው ተበይዶ በሙቀት በሚኮማተር ሽፋን ሲዘጋ ነው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ወንበሩ ከተንቀሳቀሰ መኪናውን አስነሥተው ማሞቂያውን ይሞክሩ። ቁልፉ በርቶ ወዲያው የሚጠፋው የቁጥጥር ሳጥኑ ፈትሾ ስላልተስማማው ነው፤ ምክንያቱ ማሳው ከነበረ አሁን ይሠራል። ካልሠራ የማሞቂያውን ሶኬት ነቅለው በኦም ይለኩት። የማሞቂያው ሽቦ ጥቂት ኦም ብቻ ማሳየት አለበት፤ ለምሳሌ 2.4 ኦም ቢሆን 5 አምፔር ወስዶ 60 ዋት ይሰጣል። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ሽቦው ተቆርጧል። በብዙ ወንበሮች መቀመጫውና መደገፊያው ተከታትለው የተያያዙ ስለሆኑ የአንዱ መቆረጥ ሁለቱንም ያቀዘቅዛል፤ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ክብደት የሚሸከመው መቀመጫው ነው። ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ያሉት የሙቀት መለኪያ ደግሞ የሚያነበው በኪሎ ኦም ነው፤ መዳፍዎን አሳርፈው ሲያሞቁት ንባቡ ቀስ እያለ መቀነስ አለበት። ትክክለኛው ቁጥር ስንት እንደሆነ ከተጠራጠሩ ደህናውን የጎን ወንበር ለክተው ያወዳድሩ፤ ለዚያው መኪና የተሠራ ስለሆነ ከእርሱ የተሻለ መመዘኛ አያገኙም።

ጥገናው እስኪያልቅ ባለቤትዎ መንዳት እንዲችሉ ወንበሩን ወደፊት ማምጣት ይቻላል። ወደፊትና ወደኋላ የሚወስደውን ሞተር ሶኬት ነቅለው፣ በመካከሉ 20 አምፔር ፊውዝ ባለው ሽቦ ከባትሪው ኮረንት ወደ ሁለቱ ወፍራም እግሮች ይስጡት፤ ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ ከሄደ ሁለቱን ያለዋውጡ። ሞተሩ በኃይል ከተንቀሳቀሰ «ተቃጥሏል» የሚለው ነገር እዚያው ያበቃል። ወንበሩ ቦታውን የሚያስታውስ ዓይነት ከሆነ በሞተሩ ላይ ተጨማሪ ቀጫጭን ሽቦዎች ይኖራሉ፤ እነርሱ 12 ቮልት አይችሉምና አይንኳቸው። ኮረንት ሲሰጡ እጅ ከሐዲዱ ይራቅ፤ ይህ ሞተር ጣት የመስበር አቅም አለው። ከመሰብሰብዎ በፊት አራቱንም የወንበር ብሎኖች በአምራቹ ልክ ማጥበቅ እንዳይረሳ፤ በግጭት ጊዜ ሰውን ከነወንበሩ የሚይዙት እነርሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከጎርጎራ ነው። የቤተሰባችን መኪና የጎን ወንበር ማሞቂያ አለው። በታኅሣሥ ወላጆቼን ወደ ደባርቅ ስወስድ የመቃጠል ሽታ ሸተተን፤ በኋላ ስናይ በወንበሩ ልብስ ላይ ቡናማ ነጥብ ወጥቷል። በዚያ ወንበር ላይ አልፎ አልፎ የእህል ኬሻ ጭነን እናውቃለን። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ እግሯና ጭኗ ይደነዝዛታል፣ ብርድም አትችልም። እስኪጠገን ድረስ በዝቅተኛው ደረጃ ላይ ብንጠቀምበት ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው፤ በዝቅተኛውም ቢሆን እንዳትጠቀሙበት። ዛሬውኑ የማሞቂያውን ፊውዝ አውጡ፤ ሲወጣ ሌላ ነገር አብሮ አለመጥፋቱን ብቻ አረጋግጡ። ማሞቂያው በስፖንጁና በልብሱ መካከል የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ወይም የካርቦን ክር ነው። በእኩል የተሰራጨ ክብደት እንዲሸከም የተሠራ እንጂ የኬሻ ጥግ፣ የሳጥን ጠርዝ ወይም የተንበረከከ ሰው ጉልበት እንዲወጋው አይደለም። ክሩ በአንድ ቦታ ሲሳሳ ወይም ግማሹ ሲቆረጥ ሙቀቱ እዚያች ነጥብ ላይ ይሰበሰባል። የሙቀት መለኪያው ደግሞ የሚገኘው ሌላ ቦታ ነው፤ እርሱ ባለበት ወንበሩ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ጨምር እያለ ኮረንት ይልካል፣ ነጥቧም ልብሱን ታቃጥላለች። ዝቅተኛው ደረጃ ይህን አይከለክልም።

የእናትዎ ነገር ከመኪናው ይበልጣል። ጤነኛ ሰው ሲያቃጥለው ይነሣል ወይም ያጠፋዋል፤ ስሜቱ የደነዘዘ ሰው ግን ሳያውቀው ቆዳው ይጎዳል። ለጉዳቱ እሳት የመሰለ ሙቀት አያስፈልግም፤ በ44 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ6 ሰዓት ያህል ያለማቋረጥ የተነካ ቆዳ ይቃጠላል፣ ሙቀቱ በጥቂት ዲግሪ ሲጨምር ደግሞ ጊዜው በእጅጉ ያጥራል። በስኳር ሕመም ምክንያት እግራቸው የሚደነዝዝ ሰዎችና የአከርካሪ ጉዳት ያለባቸው በወንበር ማሞቂያ መቃጠላቸው በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። ስለዚህ ማሞቂያው ተጠግኖ ደህና ከሆነም በኋላ ለእናትዎ የምመክረው ከመቀመጣቸው በፊት ወንበሩን አሙቆ፣ ሲቀመጡ ማጥፋትና ጋቢ ደርቦ መሄድ ነው። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ ብርዱ እውነተኛ ነው፤ የመኪናው የአየር ማሞቂያና ጋቢው ግን ይበቃሉ።

ለጥገናው የተቆረጠውን ክር ጠምዝዞ ማያያዝ አይፈቀድም፤ መጋጠሚያው ራሱ አዲስ የማቃጠያ ነጥብ ይሆናል። የማሞቂያው ምንጣፍ በሙሉ ይለወጥ። ለየብቻ የሚሸጥ የካርቦን ማሞቂያ የምትገዙ ከሆነ የራሱ የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ሪሌና ፊውዝ ያለው መሆኑን አይታችሁ ግዙ። ሽቦውን ከሲጋራ መለኮሻው ላይ ቀጥሎ መውሰድ ያንን ቀጭን መስመር ከአቅሙ በላይ ያስጨንቀዋል። የጎን ወንበር ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር፦ በመቀመጫው ውስጥ ሰው መቀመጡን የሚለይ መሣሪያ ሊኖር ይችላል፣ ኤርባጉም በእርሱ ይታዘዛል፤ ልብሱን የሚፈታው ሰው ይህን የሚያውቅ መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የእንግዶች ማመላለሻ ሾፌር ነኝ። ወንበሬ ወደፊት ይሄዳል፣ ወደኋላ ግን እምቢ አለ። ሞተር ልለውጥ?

መልስ፦ አይለውጡ። ወደፊትም ወደኋላም የሚወስደው ያው አንድ ሞተር ነው፤ አቅጣጫው የሚለወጠው ማዘዣው ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ሲያቀያይርለት ነው። ወደፊት በደህና ኃይል ከሄደ ሞተሩ፣ ፊውዙና ማሳው ደህና ናቸው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ከወንበሩ በስተኋላ ሐዲዱ ላይ የተቀረቀረ ነገር እንደሌለ ይመልከቱ፤ የእንግዶች ሻንጣ ማሰሪያ እንኳ ይይዘዋል። ከሌለ ጥፋቱ በማዘዣው ቁልፍ ውስጥ ባሉት መነካኪያዎች ላይ ነው። በወንበሩ ጎን ስለሚገኝ አቧራ ይገባበታል፣ ስኳር ያለው ቡናና ለስላሳ መጠጥ ይፈስበታል። ተፈትቶ በኮንታክት ማጽጃ ከታጠበና ከደረቀ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ መነካኪያው ጠቁሮ ከተበላ ግን ቁልፉ ብቻ ይለወጥ።

ጥያቄ፦ በቅርቡ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቻለሁ፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር እመላለሳለሁ። ጠዋት የወንበር ማሞቂያውን ማብራት ባትሪውን ይጨርሳል ይሉኛል። እውነት ነው? ቢበላሽስ ማን ይነካዋል?

መልስ፦ በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ካስታወቀ ወዲህ ይህን የመሰለ ጥያቄ እየበዛ ነው፤ መልሱም ደስ የሚያሰኝ ነው። ባትሪውን የሚያሳስበው የአየር ማሞቂያው እንጂ የወንበሩ አይደለም። ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ወንበሮች እያንዳንዳቸው 60 ዋት እየወሰዱ ለሦስት ሰዓት ተኩል ሳይጠፉ ቢቆዩ የሚጨርሱት ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። መኪናዎ በ100 ኪሎ ሜትር 17 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ ይህ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል የሚያስኬድ ኃይል ነው። የአየር ማሞቂያው በአማካይ 2 ኪሎ ዋት ቢወስድ ግን በዚያው ጊዜ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ማለትም 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይወስድብዎታል። ስለዚህ ብርድ ከተሰማዎት ወንበሩን ያብሩና አየሩን ይቀንሱ። የስዊድኑ ሳብ በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የሚሞቅ ወንበር በመኪኖቹ ላይ ሲገጥም ያሰበው ለሰሜን አውሮፓ ክረምት ነበር፤ ዛሬ ለኤሌክትሪክ መኪና ኃይል ቆጣቢ ሆኖ ተገኘ።

ስለ ብልሽቱ፦ በኤሌክትሪክ መኪናም የወንበሩ ሞተርና ማሞቂያ የሚሠሩት ከትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ መስመር ነው፤ ከላይ ለሽምብጡ ጠያቂያችን የጻፍኩት ፍተሻ በእርስዎም መኪና ላይ እንዳለ ይሠራል። መኪናው ጠፍቶ ሳለ ወንበሩን ደጋግሞ ማንቀሳቀስ ያንን ትንሽ ባትሪ እንደሚያደክመው ብቻ ያስታውሱ፤ እርሱ ከደከመ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ እንኳ መኪናው አይነሣም። ማንኛውም ጠንቃቃ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ የወንበሩን ፊውዝ፣ ሶኬትና ማሳ ሊፈትሽልዎ ይችላል። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ወፍራም ሽቦዎች ግን በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይሸከማሉ፤ ለዚያ ሥራ ያልሠለጠነና መከላከያ ጓንት የሌለው ሰው በምንም ምክንያት እንዳይነካቸው።